ከጅቡቲ ባሕር የተመለሰው ሰዓት

ከኮምቦልቻ የጻፉልኝ ጠያቂ የሰዓታቸውን ሁኔታ አንድም ነገር ሳያስቀሩ ስለገለጹልኝ ሥራዬን አቅልለውልኛል። እኅታቸው ከጀርመን የላከችላቸው አውቶማቲክ ኦሜጋ ሲማስተር ሰዓት ሲሆን፣ ገጹ ላይ 300 ሜትር የሚል ተጽፎበታል። የትራንዚት ሥራ ስለሚሠሩ ከሦስት ሳምንት በፊት ጅቡቲ ወርደው ዶራሌ ዳርቻ ላይ ሁለት ቀን አመሻሹን ሰዓቱን እንዳሰሩ ዋኝተዋል፤ ሲወጡም በፎጣ ጠርገውታል፤ በቃ። አሁን በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ተሽከርካሪ ቀለበት አልዞር ብሏል፤ የብረት ማሰሪያው ሲታጠፍ ይንኳኳል፣ መጋጠሚያዎቹም ነጭ ብናኝ አውጥተዋል፤ ከ3 ቁጥር ጎን ያለችው ሰዓት ማስተካከያ ቁልፍ፣ መሙያው፣ ደንድኗል። ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰባቸው ግን ጠዋት የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲገቡ ከመስታወቱ ሥር፣ ከ3 ቁጥር አጠገብ የምትታየው ትንሽ ጉም ናት፤ እኩለ ቀን ሲሆን ትጠፋለች። አንድ ጎረቤታቸው ሰዓቱን ቤንዚን ውስጥ ነክረው ከሰል አጠገብ እንዲያደርቁት፣ ሌላው ደግሞ ሩዝ ውስጥ እንዲቀብሩት መክረዋቸዋል።

ከሁሉ በፊት ቤንዚኑን ይተዉት። ይህን የምለው የሰዓቱን ጎሚኒ፣ ማለትም ውሃ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ስለሚያሳብጥና የገጹን ቀለም ስለሚጎዳ ብቻ አይደለም፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ እሳት የሚያገኝ በመሆኑ ነው። የሰዓት ሥራ በምማርበት ዘመን በሲኒ የቀዳሁትን ቤንዚን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የማሽን ጥርሶች አጥብ ነበር፤ ሦስት እርምጃ ርቆ ቡና ይፈላል፤ ከሰሉ የተቀመጠው መሬት ላይ ነው። እሳቱ መጀመሪያ የታየው ሲኒው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ሥር ነበር። ቅንድቤ በወር ተኩል በቀለ፤ የቀኝ እጄ ጀርባ ግን ዛሬም ይመሰክራል።

ወደ ሰዓቱ ስመለስ፣ ጥርጣሬዬን ያሳደረብኝ እርስዎ እንደ ዘበት የጻፏት አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ «መሙያው ስለደነደነ እስካሁን በጅቡቲ ሰዓት እየተገለገልኩ ነው» ብለዋል። ጅቡቲ የሰዓት ክልሏ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን እንደ ፈረንጆቹ ስለሆነ እዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምንለውን እዚያ 8 ይሉታል። እንግዲህ ቀጠሮ እንዳያመልጥዎት እዚያ ሲደርሱ መሙያውን ፈትተው፣ ስበው፣ ቆጣሪዎቹን 6 ሰዓት አዙረዋል ማለት ነው፤ ከዚያም ገፋ አድርገው መለሱት እንጂ ጥርሱ እስኪያልቅ ድረስ አላሰሩትም። በዚያው ባሕር ገቡ። ይህ ሰዓት 300 ሜትር የሚችለው መሙያው እስከ መጨረሻው ሲታሰር ነው፤ ሳይታሰር ከቀረ የሰው ቁመት በማያህል ውሃ ውስጥም ጨዋማው ውሃ በመሙያው ቱቦ በኩል ሊገባ ይችላል። ጉሙ ከመሙያው ጎን መጀመሩም ወደዚያው ያመለክተኛል። የጀርባው ክዳን ጎሚኒም ሊጠረጠር ይችላል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ እጄን የማስቀምጠው ግን መሙያው ላይ ነው።

ውሃ መግባቱን ለማረጋገጥ እኛ ሰዓቱን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ በሚሞቅ ብረት ላይ አሙቀን፣ መስታወቱ ላይ አንዲት ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ለአንድ ደቂቃ አሳርፈን እንጠርጋታለን፤ ከሥሯ ላቦት ከታየ ሰዓቱ ውስጥ እርጥበት አለ። ሐረጎ ይህንኑ ፈተና በነጻ ሠርቶልዎታል፤ ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነሥተው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ደሴ ሲወጡ መስታወቱ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው እርጥበትም እሱ ላይ ያርፋል። እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ሲጠፋ ግን እርጥበቱ ወጣ ማለት አይደለም፤ ከመስታወቱ ተነሥቶ ወደ ማሽኑ ተበተነ እንጂ።

እዚህ ላይ ደንበኞቼ ሁሉ የሚጠይቁኝን፣ እኔም ለማስረዳት የማልታክተውን ነገር ልግለጽ፤ «ዝገት የማይነካው ብረት አይደለም ወይ?» ይሉኛል። ዝገት የማይነካው ብረት የለም። የእርስዎ ሰዓት አካል የተሠራው 316 ኤል ከሚባለው ብረት ሲሆን፣ ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ ደግሞ ሞሊብዲነም አለው። የሚጠብቀው ብረቱ ራሱ ሳይሆን ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ላዩ ላይ የሚያበጀው፣ በዓይን ሊታይ ቀርቶ በእኛ አጉሊ መነጽርም የማይታይ ስስ ልባስ ነው። ይህ ልባስ ቢጫር ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን በራሱ ይጠግናል፤ ስለዚህም ነው ግልጥ ያለው የሰዓቱ ገላ ከባሕር ወጥቶ ሳይታጠብ ቢከርም እያብረቀረቀ የሚቆየው። አሁን ግን በመሙያው ጥርስና በቱቦው መካከል፣ ወይም በጎሚኒውና በክዳኑ መካከል ያለችውን ከጸጉር የቀጠነች ክፍተት ያስቡ። ጨዋማው ውሃ እዚያ ይገባና ቆሞ ይቀራል። በውስጡ የነበረችው ጥቂት ኦክስጅን ታልቃለች፤ ከውጭ የሚተካትም የለም፤ ልባሱ ሲጎዳ የሚጠገንበት አጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከብረቱ የሚሟሟው ነገር የጨዉን ክሎራይድ ወደ ጠባቡ ሥፍራ ይስባል፤ ከውሃው ጋር ተዋሕዶም አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ደግሞ ተጨማሪ ብረት ያሟሟል፤ ያ የተሟሟው ብረት እንደገና ክሎራይድ ይጠራል። አንድ ጊዜ ከተጀመረ ራሱን የሚመግብ በሽታ ነው። የባሕር ውሃ በአማካይ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ውሃው ሲተን ጨዉ እዚያው ይከማቻል። ሰዓቱ ደረቀ ብለው ሲያስቡ ደግሞ ጨዉ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አሞሌ በክረምት ጎተራ ውስጥ እንዴት እንደሚያረጥብ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። እዚያው ጅቡቲ ያለው ዓሳል ሐይቅ ገብተው ቢሆን ኖሮ ጨዉ 10 እጥፍ ያህል ይሆን ነበርና በፎጣ የጠረጉበትን ቀን ይረግሙት ነበር።

የአሰብ መንገድ ሳይዘጋ፣ ከ1990 ዓ.ም. በፊት፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያመጡልን ሰዓቶች እንዲህ ነበሩ። ከላይ ሲያዩት አዲስ ነው፤ ክዳኑን ስፈታው ጎሚኒው የተቀመጠበት ቦይ ምስጥ እንደበላው እንጨት ተቦርቡሮ አገኘዋለሁ። እንዲህ ያለ ቦይ ላይ አዲስ ጎሚኒ ቢያደርጉ ውሃ በጉድጓዶቹ ሥር ያልፋል።

አሁን በቤትዎ የሚሠራው ማሰሪያውን ማጽዳት ብቻ ነው። የሰዓቱን ጆሮዎች፣ ማሰሪያው የሚያያዝባቸውን ጫፎች፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው ማሰሪያውን በፒን መግፊያ ያውጡት፤ ፒኑ ተወርውሮ አልጋ ሥር እንዳይገባ ከላይ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርገው ማሰሪያውን ለ20 ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉት፤ ከዚያም በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እያንዳንዱን መጋጠሚያ አጥፈውም ዘርግተውም ይፈትጉት። ውሃውን ሦስት ጊዜ ይለውጡ፤ በመጨረሻው መርፌ በሌለው ስሪንጅ በፒን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውሃ ይግፉ። ሲደርቅ ጥቁር ጨርቅ ላይ ያራግፉት፤ ነጭ ብናኝ ከወደቀ ከመጀመሪያው ይድገሙት። ፒኖቹ ዝገው ከሆነ ለማዳን አይድከሙ፤ ይቀየሩ። ይህን ሁሉ በውሃና በሳሙና ነው የምለው፤ ቤንዚን ለማሰሪያውም ቢሆን አያስፈልግም።

የሰዓቱን አካል ግን ቧንቧ ሥር እንዳያስገቡት። ጤነኛ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ከባሕር በወጡበት ቀን መሙያው መታሰሩን አረጋግጠው፣ ለብ ባለ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ እያጠቡ ቀለበቱን ወዲያና ወዲህ ሳይሆን በሚዞርበት በአንዱ አቅጣጫ ብቻ ማዞር ይበቃዎት ነበር። ይህኛው የሚያስገባበት ቀዳዳ ስላለው ጨዉን ለማውጣት የሚያፈሱት ውሃ ሌላ ጨው አሟሙቶ ወደ ማሽኑ ይዞ ይገባል። በጥቂቱ እርጥብ በሆነ የጥጥ ጨርቅ ውጩን ይጥረጉት፣ ያድርቁት፣ ከዚያ እጅዎን ይሰብስቡ። የደነደነውን ቀለበት በካቻቢቴ ለመፈንቀል፣ መሙያውንም በፒንሳ ለማዞር አይሞክሩ፤ ቱቦው ጥርሱን ይጨርሳል፣ ወይም ዘንጉ ይሰበራል። ሰዓትዎ ከ10 ቁጥር ጎን ሌላ ትንሽ መሙያ የሚመስል ነገር ካለው እሱ የሂሊየም መውጫ ነው፤ ለባለሙያ ጠላቂዎች የተሠራ እንጂ ለእኔም ለእርስዎም ጥቅም የለውምና አይፍቱት። ሩዙን በተመለከተ፣ ለወጥ ይጠቅማል። ጨው አያወጣም፤ አቧራው ግን ይገባል።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ «ውስጡን ልየው» ብሎ ክዳኑን እንደከፈተና ሲዘጋው «ለጥንቃቄ» ሲሊከን እንደቀባበት ጽፈዋል። ለጥንቃቄ! ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። የሰዓት ክዳን በልኩ በተሠራ ጎሚኒ ነው የሚዘጋው፤ ሲሊከን የሚቀባበት ጎሚኒውን ቆርጦ ያጠፋ ወይም ያላገኘ ሰው ነው። በተለይ ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት የሚለቀው ያንኑ የኮምጣጤ አሲድ ስለሆነ በተዘጋ ሰዓት ውስጥ ማሽኑን ያዝገዋል። ክዳኑ ጠርዝ ላይ የካቻቢቴ ጭረት ካለ ደግሞ ያ ሰው ትክክለኛው መፍቻ አልነበረውም። ገበያ ላይ በፌስታል ተደባልቆ የሚሸጠው ጎሚኒም ከዚህ አይሻልም፤ በዓይን አንድ ይመስላል፣ በልኬት ግን የሚሊሜትር አሥረኛ ሲወፍር ክዳኑ አይገጥምም፣ ሲቀጥን ውሃ ያሳልፋል። መሙያ ነው ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ኒኬል የተቀባ ናስ ነው፤ ቅቡ በተፋቀበት ጨው ሲያገኘው አረንጓዴ ያወጣል።

ስለዚህ ሰዓቱን ይዘው ወደ ሰዓት ሠሪ ሲሄዱ የሚከተለውን በአፍዎ ይጠይቁ፤ ማሽኑ ከነገጹ ወጥቶ፣ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ዘይቱ እንዲታደስ፤ ባዶው አካል ለብቻው ታጥቦ ቀለበቱ እንዲፈታ፤ መሙያውና ቱቦው አብረው እንዲቀየሩ፤ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ለዚሁ ሞዴል ከተሠሩት እንዲሆኑ፤ የክዳኑ ቦይ በአጉሊ መነጽር እንዲታይ። ሲያበቃ ሰዓቱ በግፊት መፈተሻ መግባት አለበት። መፈተሻ የሌለው ሠሪ ማሽኑን ሊያጥብ ይችላል፤ «ውሃ ይችላል» ብሎ ግን ሊመልስልዎ አይገባም። የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ከሰል ሲቀጣጠል፣ አጠገቡም የቤንዚን ጣሳ ክፍት ሆኖ ካዩ፣ እጁ የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን ሰዓትዎን ይዘው ይውጡ። ወጪው ትንሽ አይሆንም፤ ነገር ግን ሦስት ሳምንት አልፏል፣ የብረት ጥርሶችና ዘንጎች በጨዋማ እርጥበት ውስጥ ናቸው፣ ሳምንት በጨመሩ ቁጥር የሚቀየረው ዕቃ ይበዛል። በዚህ ሳምንት ያድርጉት።

ሰዓቱን እስከዚያው አይሰሩት፤ አውቶማቲክ በመሆኑ ክንድዎ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ማሽኑ ይሞላል፣ የዛገ ጥርስም የዛገ ጥርስ ይፈጫል። በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው፣ መሙያውን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡት። በፀሐይ፣ በፀጉር ማድረቂያም ሆነ በከሰል አያሙቁት። ሐረጎን ሲወጡ በውስጥ ኪስዎ፣ ከገላዎ አጠገብ ይያዙት፤ መስታወቱ በድንገት ካልቀዘቀዘ ጉሙ ዳግመኛ አይጥልም። ማሰሪያውን ለብቻው በፌስታል ያምጡት፤ የድሮውን ፒን እንኳ አይጣሉት፣ ለልኬት ይፈለጋል።