የቡና ገንዘብ እጅ ሲገባ፦ ስለ እምነትና ስለ ገንዘብ የቀረቡ ጥያቄዎች

በጅማ ከሰንበት ጉባኤያችን በኋላ በጽሑፍ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እመልሳለሁ። ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ያሳለፍሁ ሰው እንጂ ሊቅ አይደለሁም፤ የምናገረውንም በዚያው ልክ ተቀበሉኝ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ገንዘብ የክፋት ሥር ከሆነ እኔ የቡና ነጋዴው እንዴት እጸድቃለሁ?

መልስ፦ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ የክፋት ሁሉ ሥር ያለው ገንዘብን መውደድን ነው። ከንጉሥ አባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሄርማታ ገበያ ለታወቀች ከተማ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ንግድ ራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ግማሻችን ሱቅ ዘግተን ንስሐ በገባን ነበር። መውደዱ የሚታየው ሚዛኑ አጠገብ ነው። የዕለቱን ዋጋ ያልሰማ ገበሬ ጀንፈሉን (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡናውን) ይዞ ሲመጣ ዋጋውን ይነግሩታል ወይስ አለማወቁን ያተርፉበታል?

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ነኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ ቡና ስንሸጥ እንደ ባለጠጋ እንኖራለን፤ ክረምት ሲገባ እንበደራለን። እምነታችን ጎድሎ ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ የጎደለው እምነታችሁ አይመስለኝም። ገቢያችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ወጪያችሁ ግን በየቀኑ ነው፤ ስለዚህ «ይህ ይበቃናል» የሚለው ውሳኔ ብሩ እጅ ከመግባቱ በፊት፣ ቤተሰቡ ተረጋግቶ ሳለ መወሰን አለበት። ብሩ ከገባ በኋላ የሠርጉም የልብሱም የዘመዱም ጥያቄ አብሮ ይገባልና ማንም በልኩ አይወስንም። ዮሴፍ በግብፅ ከጥጋቡ ዘመን እህል አምስተኛውን እጅ እንዳስቀመጠ በዘፍጥረት 41 እናነባለን። ለምሳሌ የሽያጩ ብር 120,000 ቢሆን፣ አሥራቱ 12,000፣ የዮሴፍ አምስተኛ እጅ 24,000 ይሆናል፤ የቀረው 84,000 ለ12 ወር ሲካፈል በወር 7,000 ብር ይደርሳል (ጳጉሜን በጾምና በትዕግሥት ታልፋለች)። አሥራቱ ከለቀማው ወጪ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ የሚለውን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት።

አምስተኛውን እጅ የማስቀመጡን ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ የቡና ዛፍ አንድ ዓመት አብዝቶ ካፈራ በተከታዩ ዓመት ማሳነሱ የተለመደ ነውና። ያን ጊዜ መጠባበቂያ የሌለው ቤት ቡናውን ገና በዛፉ ላይ ሳለ ለአበዳሪ ይሸጣል፣ ዋጋውንም የሚቆርጠው አበዳሪው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በሉቃስ 12 ጎተራውን ሊያሰፋ ያሰበው ባለጠጋ ለምን ሰነፍ ተባለ? እርሱም አስቀማጭ ነበር።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ተቸግሬበታለሁ። ሰውየው የሚናገረውን ልብ ብላችሁ ስሙት፦ ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ ይላል። በንግግሩ ውስጥ ሚስት የለችም፣ ጎረቤት የለም፣ ሠራተኛም የለም፤ የሚማከረውም ከገዛ ነፍሱ ጋር ብቻ ነው። ዮሴፍ ያከማቸው እህል ግን በረሃቡ ዘመን አገር መግቧል።

ጥያቄ፦ በስፖርት ውርርድ ባሸንፍና አሥራት ባወጣስ?

መልስ፦ አይሆንም፣ ልጄ። አወራራጁም ሆነ አሸናፊው የሚወስደው ከተሸነፉት ኪስ ስለሆነ፣ አሥራት ብለህ የምታመጣው ጓደኛህ የተበላውን ብር ነው።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ጎረቤቴ ወለድ አይቀበልም። እኔ ክርስቲያኑስ በወለድ ላበድር እችላለሁ?

መልስ፦ ዘጸአት 22 ለድሃ ወገንህ ስታበድር ወለድ አትጫንበት ይላል። ከባንክ ጋር የሚደረግ ውል ሌላ ነው፤ ልጁ ታሞበት በር ለሚያንኳኳ ጎረቤት ግን ያለ ወለድ ማበደር ይገባል። በዚህ ረገድ ከጎረቤትዎ ብንማር አናፍርም።

ጥያቄ፦ ደመወዝ አለኝ፣ እጸልያለሁም፤ ውስጤ ግን ባዶ ነው።

መልስ፦ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ባለው መርካትን እንደ ተማረ ይናገራል፤ ያውም እስር ቤት ሆኖ። የተማረው ነገር ከሆነ አንተም ገና አለመማርህ አያሳፍርም። እኔ የጀመርሁት ለአንድ ወር ያወጣሁትን ሁሉ ጽፌ፣ ከጎኑ ለማን እንደሆነ በመጻፍ ነበር፤ ገጹ ከሞላ ጎደል በእኔ ስም ተሞልቶ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የታመሙትን መጠየቅ ጀመርሁ። ነገር ግን ባዶነቱ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ነስቶህ ሳምንታት ካለፉ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ከፈለግህ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።