ከገጪና ከተገጪ የደረሱኝ ጥያቄዎች

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ካሉ አንባቢዎች በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ገሚሶቹ መሪ ከጨበጡ፣ ገሚሶቹ ብስክሌት ከሚነዱ ናቸው። ሁሉም ሌላውን ይከሳል። አድልዎዬን አልደብቅም፤ ከባዱን ብረት የሚያንቀሳቅሰው ሰው ይበልጥ ይጠየቅ ባይ ነኝ።

*ዲሲ ውስጥ ደንበኛዬን ሳወርድ በሩን በድንገት ከፍቶ ብስክሌተኛ ጣለ። እኔ ምን አጠፋሁ? (ባለታክሲ፣ አርሊንግተን)*

የዲሲ ደንብ ማንም ሰው የሚያልፈውን የሚያደናቅፍ ከሆነ ተሽከርካሪ በሚመጣበት በኩል በር እንዳይከፍት ይከለክላል። ስለዚህ ተሳፋሪውም ተጠያቂ ነው። ግን ያልጻፉልኝ ነገር አለ፤ የት ነበር የቆሙት? የብስክሌት መስመሩን ዘግተው ከነበረ ጥፋቱን ይጋራሉ። ደንበኛ ስልኩን እያየ ነው የሚወርደው፤ ስፖኪዮው የሚታየው ለእርስዎ ነው። በሩን እንደቆለፉ ይቁሙ፣ ከኋላ የሚመጣ አለመኖሩን ይዩ፣ ከዚያ «በእግረኛ መንገዱ በኩል ይውረዱ» ብለው ይክፈቱ። እርስዎም ሲወርዱ በሩን በቀኝ እጅዎ ይክፈቱት። ትከሻዎ ስለሚዞር ዓይንዎ ሳይወድ በግድ ወደ ኋላ ያያል። ሆላንዶች የለመዱት ዘዴ ነው።

*አመሻሽ ላይ ከፓርኪንግ ሥራዬ ስመለስ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ የታጠፈ መኪና ገጨኝ። የብስክሌቴ መብራት ባትሪው አልቆ ነበር። ኢንሹራንሱ አንድ ሳንቲም አልከፍልም አለ። ይህ ፍርድ ነው? (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)*

ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ፍርድ መሆኑን እንጃ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ፣ ተጎጂው ለአደጋው ጥቂትም ቢሆን አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው ጨርሶ የሚቀርበትን አሮጌ መርሕ ይዘው ቀርተዋል። የሜሪላንድ የበላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲሽረው ተጠይቆ፣ ጉዳዩ የሕግ አውጪው ነው ብሎ ተወው። ዲሲ ግን በ2016 ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች ቀይራዋለች፤ እዚያ ጥፋትህ ከገጪው ጥፋት እስካልበለጠ ድረስ ትካሳለህ። አደጋው የሜሪላንድና የዲሲ ወሰን የሆነውን ኢስተርን አቬኑን ተሻግረህ ዲሲ ከገባህ በኋላ ቢደርስብህ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ካሳው መጠን ይሆን ነበር። የተሰበረው አጥንት ያው አንድ ነው፣ መብቱ ግን በአንድ ጎዳና ስፋት ይለያያል። ያናድዳል።

ሆኖም የኢንሹራንሱ ደብዳቤ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። የመብራትህ መጥፋት ለግጭቱ ምክንያት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የእነሱ ነው። መንገዱ በመብራት የደመቀ ከነበረ፣ ሹፌሩም «አይቼው ነበር» ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቶ ከሆነ ክርክር አለህ። በአካባቢው ያሉ ሱቆች የካሜራ ምስላቸውን ሳያጠፉ ዛሬውኑ ጠይቃቸው። ጠበቃ ሳታማክር ለሹፌሩ ኢንሹራንስ በድምፅ የሚቀዳ ቃል አትስጥ። ሜሪላንድ ውስጥ ክስ ለመመሥረት በመደበኛው 3 ዓመት አለህ፤ ማስረጃ ግን ያን ያህል አይቆይም። ባትሪውንም ቀይር፣ ወንድሜ።

*ብስክሌተኞቹስ? የቁም ምልክት ላይ አንዳቸውም አይቆሙም! (አሌክሳንድሪያ)*

ዲሲ ውስጥ ከ2022ቱ ሕግ ወዲህ፣ ቅድሚያ የሚገባው ሌላ ሰው ከሌለ ሳይቆሙ ማለፍ ተፈቅዶላቸዋል። እርስዎ በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ግን መቆም አለባቸው፤ እዚያ ላይ ቅሬታዎ ልክ ነው። ነገር ግን የእነሱ ጥፋት ለእርስዎ አስጠግቶ የማለፍ ፈቃድ አይሆንም። የቨርጂኒያ ሕግ ሲያልፏቸው ቢያንስ 3 ጫማ፣ ማለትም 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እንዲርቁ ያዛል። መንገዱ ለዚያ ካልበቃ መስመር ቀይረው ይለፉ።

*ታርጋዬ የቨርጂኒያ ነው። የዲሲ ካሜራ ቅጣት ቢከማችም ማንም አይነካህም ይሉኛል። እውነት ነው?*

ነበር። በ2024 የወጣ ሕግ ግን የዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሌላ ግዛት ሹፌሮችን ፍርድ ቤት እንዲያቆም ሥልጣን ሰጠው፤ በ2025 በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነዋሪዎች ላይ ክስ ተጀምሯል። በከተማዋ የሰፈር መንገዶች መደበኛው የፍጥነት ገደብ በሰዓት 20 ማይል መሆኑንም አይርሱ። ቅጣቱን ይክፈሉ፤ «ማንም አይነካህም» ያሉዎት ጓደኞችዎም ያዋጡ።