ስታወራ የምትቆም አያትና የፖስትዶክ ገንዘብ

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ሦስተኛ ዲግሪዬን ዘንድሮ ጨረስኩ። የሠራሁት በአረጋውያን መውደቅ ላይ ነው። አሁን ወደ መርሳት ሕመም (ዲሜንሺያ) ገፋ አድርጌ፣ አረማመድና አእምሮ እንዴት እንደሚያያዙ ማጥናት እፈልጋለሁ። ለፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ ለሚሠራ የምርምር ቆይታ) የሚሆን ገንዘብ ስፈልግ ስድስት ወር ኢንተርኔት ላይ ፈጀሁ። አንዱ ዜግነት ይጠይቃል፣ የሌላው ቀኑ አልፏል። ለሃያ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ላክሁ። ሁለቱ ብቻ መለሱ፣ እነሱም «ገንዘብ የለንም» አሉኝ። እውነት ለእኛ የሚሆን በር አለ? ካለስ ከየት ልጀምር? (ከጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ በር አለ። እነዚያ ሁለቱ ፕሮፌሰሮች ደግሞ በር አልዘጉብሽም። ዛሬውኑ መልሰሽ ጻፊላቸውና «ገንዘቡን እኔ ተወዳድሬ ባመጣ ትቀበሉኛላችሁ?» በያቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፖስትዶክ ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፕሮፌሰሩ ቀድሞ ያገኘው የምርምር ገንዘብ ነው፣ ከዚያ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ሰው ይቀጥራል። ሁለተኛው ፌሎሺፕ ነው። ፌሎሺፕ አንቺ ራስሽ ጽፈሽ፣ በራስሽ ጥያቄ ተወዳድረሽ የምታገኚው ነው፣ የሚቀበልሽ ቤተ ሙከራ ግን አስቀድሞ «እሺ» ማለት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ገንዘብ ሳይሆን ሰው ነው። ሰው ለማግኘት ደግሞ ጥያቄሽ መጥበብ አለበት። «አረማመድና አእምሮ» ብለሽ ብትጽፊ ማንም አያነብልሽም።

እስቲ አብረን እናጥብበው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ስዊድን፣ ኡሜኦ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ነገር አሳተሙ። በአረጋውያን መኖሪያ ካሉ 58 ሰዎች ጋር አብረው እየተራመዱ ወሬ ጀመሩላቸው። 12ቱ ለመመለስ ቆሙ። ከእነዚህ 12 ሰዎች 10ሩ በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ውስጥ ወደቁ። መሣሪያ የለ፣ ካሜራ የለ፣ ወሬ ብቻ። ምክንያቱን ዛሬ በደንብ እናውቀዋለን። መራመድ የእግር ሥራ ብቻ ስላልሆነ፣ ትኩረት የሚያከፋፍለው የአእምሮ ክፍል ሲደክም ሰውየው ከሁለቱ አንዱን መተው ይኖርበታል፣ ወይ እርምጃውን ወይ ወሬውን።

ይህን ጥናት መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን አያቴ ትዝ አለችኝ። በማርያም ቀን አጅቤያት ስንሄድ የነጠላዋን ጫፍ በአንድ እጇ ትሰበስባለች፣ በሌላው ምርኩዟን ትይዛለች፣ ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጠች ትረግጣለች። «እማማ፣ እሁድ ማን ይመጣል?» ስላት ቀጥ ብላ ትቆማለች። ምርኩዟን ትተክላለች። መልሱን ጨርሳ ነው እግሯን የምታነሳው። እኛ ጨዋነቷ ነው እንል ነበር፣ እየሄዱ ማውራትን እንደ ችኮላ ስለምትቆጥረው ነው ብለን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የልጆቿን ስም ማምታታት ጀመረች።

ጥናትሽ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ ድሮም ይቆማል። ትልቅ ሰው እየሄደ አይመልስም፣ ቆሞ፣ ጤናህን ከብትህን ልጅህን ጠይቆ ነው የሚያልፍ። ታዲያ አንዲት የጎንደር እናት ስትቆም ያቆማት ባህሏ ነው ወይስ አእምሮዋ? የኡሜኦው ፈተና እኛ ዘንድ ይሠራል ወይ? ኡሜኦ ላለ ሰው ይህ ጥያቄ በሕልሙም አይመጣለትም፣ አንቺ ግን ከበርሽ ወጣ ስትዪ ታይዋለሽ።

እባክሽ ማመልከቻሽ ላይ «በኢትዮጵያ አልተጠናም» ብለሽ አትቁሚ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት! አልተጠናም ማለት መጠናት አለበት ማለት አይደለም። «ሌላ ቦታ የተሠራው መለኪያ እዚህ ለምን ሊሳሳት እንደሚችል አውቃለሁ፣ እንዲህ አድርጌም እፈትሸዋለሁ» ስትዪ ግን ገምጋሚው ወንበሩ ላይ ቀና ይላል።

አንድ ሁለት ላሳይሽ። እ.ኤ.አ. በ2017 ካናዳ፣ ለንደን ኦንታሪዮ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ። ቀለል ያለ የማስታወስ መቀነስ ያለባቸውን 112 ሰዎች ተከታተሉ። ወደኋላ እየቆጠሩ ወይም የእንስሳት ስም እየጠሩ ሲሄዱ ፍጥነታቸው ከ20 በመቶ በላይ የሚቀንስባቸው ሰዎች ወደ መርሳት ሕመም የመሻገር ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ደስ ይላል። አሁን ወደ እኛ ሰፈር አምጪው። በዚህ ዓይነት ፈተና ከመቶ ጀምሮ ሰባት ሰባት እያስቀነሱ ማስኬድም የተለመደ ነው። ትምህርት ቤት ያልገባችን እናት እንዲህ ብትፈትኛት የምትለኪው አለመማሯን እንጂ አእምሮዋን አይደለም። የወሩን ቀኖች በታቦቱ ትጥራልን ብትዪ ደግሞ፣ ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት እያለች እንደ ውኃ ታወርደዋለች፣ ስለለመደችው አእምሮዋን ምንም አይከብደውም። ከመድኃኔዓለም ወደ ልደታ ወደኋላ ብትጠራስ? ሙስሊም እናቶችንስ ምን እንጠይቃቸው? ልብ በዪ፣ ይህ ብቻውን የአንድ ዓመት ሥራ ነው።

ሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከኒውዮርክ ብሮንክስ የወጣው ሐሳብ ነው። የማስታወስ ቅሬታና ዝግተኛ አረማመድ አብረው የታዩበት፣ ነገር ግን ገና የመርሳት ሕመም ያልያዘው ሰው፣ ለሕመሙ ተጋላጭ ነው ይላል። ውድ የአንጎል ምርመራ አይፈልግም። ሜትርና የስልክሽ ሰዓት ይበቃል። ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል። ግን «ዝግተኛ» የሚባለው ከዕድሜና ከጾታ እኩዮች ጋር ተነጻጽሮ ነው። ዕድሜዋን ስትጠይቂያት «ጣሊያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር» የምትልሽን እናት ከየትኛው እኩያ ጋር ታነጻጽሪያታለሽ? ዕድሜን በታሪክ እየገመቱ የማስላት ዘዴን ፕሮፖዛልሽ ውስጥ በግልጽ አስገቢው፣ አትደብቂው። ችግሩን የሚያውቅ ሰው መሆንሽ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ በሮቹ። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የፖስትዶክ ፌሎሺፕ ዜግነት አይመርጥም። ዶክትሬትሽ ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን በእጅሽ መሆን አለበት፣ ከዶክትሬት በኋላ ያለሽ የምርምር ልምድም ከ8 ዓመት መብለጥ የለበትም። ባለፉት 36 ወራት ውስጥ በምትሄጂበት አገር ከ12 ወር በላይ የኖርሽ መሆን የለብሽም፣ አንቺ ጎንደር ስለሆንሽ ይህ አያሰጋሽም። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በፈረንጆቹ መስከረም መጀመሪያ፣ ማለትም በእኛ ጳጉሜን አካባቢ ነው። ሰው ሁሉ የዐውደ ዓመት ዶሮ ሲገዛ አንቺ ስትጽፊ እንዳትገኚ ከአሁኑ ጀምሪ። ፉክክሩ ከባድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ብቻ ከ17 ሺህ በላይ ሰው አመልክቷል። ላስፈራራሽ አይደለም፣ ካላለፍሽ አንቺ ደካማ ስለሆንሽ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።

የአሜሪካው አልዛይመርስ አሶሲዬሽንም ለጀማሪ ተመራማሪዎች ፌሎሺፕ አለው። ከአሜሪካ ውጭ ካሉ ተቋማትም ማመልከቻ ይቀበላል። መጀመሪያ አጭር የፍላጎት ደብዳቤ ነው የሚጠየቀው፣ እሱ ካለፈ ብቻ ሙሉውን ትጽፊያለሽ፣ ስለዚህ ለመሞከር ብዙ አያስከፍልሽም። ግሎባል ብሬይን ሄልዝ ኢንስቲትዩት የሚባለው ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮና በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚሰጥ የአንድ ዓመት ፌሎሺፕ አለው። እዚያ ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ነርስም፣ ጋዜጠኛም፣ አርቲስትም ይገባል። እንደ መደበኛ ፖስትዶክ አትይው፣ ግን የሚያገናኝሽ ሰው ብዙ ነው።

አጠገብሽ ያለውንም አትርሺ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በአካል ጉዳተኝነትና በተሃድሶ ዙሪያ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል። በዚያ በኩል ሄደው የተማሩ መምህራን አሉ። ቡና ጋብዣቸው። የትኛው ፕሮፌሰር ኢሜይል እንደሚመልስ ድረ ገጽ አይነግርሽም፣ እነሱ ይነግሩሻል።

ስለ ኢሜይሉም ልንገርሽ። ለሃያ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ልከሽ ከሆነ፣ እንደዚያ መሆኑ ይታወቃል። አምስት ሰው ምረጪ። ከእያንዳንዳቸው አንድ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቢ። ከዚያ በሦስት አጭር አንቀጽ፣ «ይህን መለኪያችሁን እኛ ሰፈር ብሞክረው እዚህ ቦታ ላይ ይሰናከላል ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ሰዎቻችን ለሰላምታ ይቆማሉ» በያቸው። ያጠናሽውን፣ ያሳተምሽውን፣ የትኛውን ፌሎሺፕ እንደምታመለክቺ ጨምሪ። ሲቪሽን አያይዢ። ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ አንዴ አስታውሺ። ማስታወስ ነውር አይደለም፣ ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ዶክትሬቴን እዚሁ በኒውሮሳይንስ ይዤ ፖስትዶክ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በሥራ ቪዛ ነው ያለሁት። የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ገንዘብ ለእኔ ይሆናል? ሁለተኛ፣ እዚህ አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን አረጋውያንን ማጥናት ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤፍ 32 እና ቲ 32 የሚባሉትን የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም (NIH) የሥልጠና ድጋፎች እርሳቸው፣ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። የዚሁ ተቋም ኬ 99/አር 00 የሚባለው ድጋፍ ግን ዜግነት አይጠይቅም። እስከ ሁለት ዓመት በአማካሪ ሥር ትሠራለህ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሲቀጥርህ እስከ ሦስት ዓመት የራስህን ገንዘብ ይዘህ ትገባለህ። በእርጅናና በመርሳት ሕመም ላይ ዋናው ሰጪ ብሔራዊ የእርጅና ኢንስቲትዩት ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። የፖስትዶክ ልምድህ ከ4 ዓመት ሳይበልጥ ማመልከት አለብህ፣ መጀመሪያ ካላለፍክ ደግሞ አርመህ መልሰህ ማስገባት ይኖርብሃል። ሁለት ዓመት አልፎሃል ካልክ መጻፍ ያለብህ ዘንድሮ ነው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ወቅታዊውን ማስታወቂያ ራስህ አንብብ፣ የጓደኛ ወሬ አትመን።

ሁለተኛው ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። አዎ፣ ይቻላል፣ ቢሆንም መለኪያህን አስብበት። አላባማ ውስጥ የተሠራ አንድ መጠይቅ፣ ሰው ባለፉት አራት ሳምንታት ከመኝታ ቤቱ እስከ ከተማው ውጭ የት የት እንደደረሰ፣ ስንቴ እንደሄደና ማን እንደረዳው ይጠይቃል። እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችን እናት አስባት። እሁድ ልጇ በመኪና ቤተ ክርስቲያን ታደርሳታለች፣ ሰኞ እስከ ቅዳሜ ከአፓርታማዋ አትወጣም፣ ሊፍቱ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያናግራት ሰው እንዳይገጥማት ትፈራለች። የሄደችበት ርቀት ብቻውን ሰፊ ዓለም ያላት ያስመስላታል። ያሰራት እግሯ ነው፣ አእምሮዋ ነው ወይስ ቋንቋው? ይህን ከለየህ ጥሩ ፕሮፖዛል አለህ። ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ሰው ይዘህ ጀምር፣ የመመዝገቢያ ቅጹም በአማርኛ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። እናቴ የመርሳት ሕመም አለባት፣ በዚህ ዓመት ሦስት ጊዜ ወድቃብኛለች። እንዲህ ያለ ጥናት ለእኛ ምን ይጠቅማል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እርስዎ የያዙት ሥራ ከማናችንም ይከብዳል፣ እግዚአብሔር ያበርታዎት። ሦስት ጊዜ ወደቀች ካሉ መጀመሪያ ሐኪም ይያት። የምትወስዳቸው መድኃኒቶች፣ ስትነሳ የደም ግፊቷ፣ ዓይኗ ይታይ። ቤት ውስጥ ተረከዝ የማይይዝ ነጠላ ጫማ አያድርጉላት፣ ከመኝታዋ እስከ ሽንት ቤት ሌሊት መብራት ይብራ። ወደቀች ብለው ግን አያስቀምጧት፣ የተቀመጠ እግር ይብስ ይደክማል። ይዘዋት ይሂዱ።

ከስዊድኑ ጥናት ደግሞ ዛሬውኑ የሚሠራ ነገር አለ። ደረጃ ስትወርድ፣ መንገድ ስትሻገር፣ ደፍ ስታልፍ አያናግሯት፣ ከኋላም አይጥሯት። እጇን ይያዙና ዝም ብለው አብረዋት ይሂዱ። መናገር ካለብዎት ቀድመው ከፊቷ ይቁሙ፣ እሷም ትቁም፣ ጨርሳ ስትመልስ ነው ጉዞው የሚቀጥለው።