ስንት ሰው መጣ ብቻ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ ከደሴ

ሰላም ያገሬ ልጆች። ባለፈው ስለ ተራራ ቱሪዝም ክትትልና ሪፖርት ትንሽ ነገር ጣል ካደረግኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ሁሉን መመለስ አልቻልኩም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ ይኸው። ብዙዎቻችሁ «ስማችን አይውጣ» ስላላችሁ ስም የለም።

«ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። በየጊዜው ስንት ቱሪስት መጣ ተብለን ቁጥር እንልካለን። ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። ይኼ ቁጥር ምን ይሠራል?»

ብቻውን ከሆነ ብዙም አይሠራም ወንድሜ። የትኬት ቁጥር ስንት ሰው በሩን እንዳለፈ ይነግርሃል። ስንት ሌሊት እንዳደረ፣ ብሩ የማን ኪስ እንደገባ፣ ውኃው ከየት እንደተቀዳ፣ ቆሻሻው የት እንደተጣለ ግን አይነግርህም። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው የዘላቂ ቱሪዝም ታዛቢዎች መረብ አለ። እዚያ የሚገባ አካባቢ 11 ጉዳዮችን መከታተል ይጠበቅበታል፦ የነዋሪው እርካታ፣ ለአካባቢው የሚቀረው ገቢ፣ ሥራ፣ የወቅት መለዋወጥ፣ የኃይል አጠቃቀም፣ ውኃ፣ ፍሳሽ፣ ደረቅ ቆሻሻ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን አመቺነት፣ የአየር ንብረት፣ አስተዳደር። ልብ በል፣ «ስንት ሰው መጣ» የሚለው ራሱን ችሎ ከ11ዱ አንዱ አይደለም። እኛ ግን እሱን ብቻ ይዘን ቀርተናል።

የወቅቱን ነገር እንይ። የላሊበላን ዓመት ለ12 አካፍለህ አማካይ ብትጽፍ ውሸት ጻፍክ ማለት ነው። ለገና ከተማው መርገጫ ያጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ አስጎብኚው ዣንጥላውን ይዞ ዝናቡን ያያል። የሚያጨናንቀውም የሚያስርበውም አማካዩ ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ በወር በወር ይጻፍ። ኮቪድ ገብቶ፣ ከዚያም ጦርነቱ ተከትሎ ፈረንጅ የሚባል ዓይናችን ያጣበት ጊዜም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ። ዜሮና ባዶ ሳጥን አንድ አይደሉም፤ ዜሮ «ቆጠርን፣ አልመጣም» ነው፣ ባዶው «አልቆጠርንም» ነው። ሳጥኑን ባዶ ከተውከው ከአምስት ዓመት በኋላ ማንም አይለየውም።

«ድምፁ ይጠፋል» ያልከው ግን ለእኔ ዋናው በሽታ ነው። ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው። ቁጥሩን የሰጠው ሰው ቁጥሩን መልሶ ካላየው በሚቀጥለው ጊዜ ከሐሳቡ ይጽፋል፣ አይፈረድበትም። እኛ ወሎዎች ለዚህ አዲስ ኮሚቴ አያሻንም፣ ቅሬ አለን፣ እንደ እድር ያለ የሰፈር መረዳጃ ማለት ነው። ለቅሬው ስብሰባ አሥር ደቂቃ ተውሶ «በዚህ ሦስት ወር ይኼን ያህል እንግዳ አደረ፣ ይኼን ያህል ብር ቀበሌያችን ውስጥ ቀረ» ብሎ ማንበብ ነው። ሲነበብ የሚያርም አይጠፋም። አንዱ ተነስቶ «የእኔ በቅሎ አልተቆጠረችም» ይላል፣ ያኔ መረጃህ ጠራ ማለት ነው።

«በየዓመቱ ግሸን እሄዳለሁ። ተሳላሚ ነኝ እንጂ ቱሪስት አይደለሁም። ለምን ትቆጥሩናላችሁ?»

እማማ፣ ስሙን አልወሰድኩብዎትም፣ ተሳላሚ ነዎት። በስታቲስቲክሱ ሕግ ግን ከሚኖሩበት አካባቢ ወጥቶ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ የሄደ ሰው፣ ለጸሎትም ቢሆን፣ ጎብኚ ይባላል። ደግሞ መንገዱ የሚያውቀው እግርን ነው፤ የተሳላሚ እግርና የካሜራ ተሸካሚ እግር ለአፈሩ አንድ ነው። መስከረም 21 ያ ሁሉ ሕዝብ በመስቀለኛው አምባ ላይ ሲሰበሰብ ስንት ሽንት ቤት፣ ስንት የውኃ ቦቴ፣ ስንት አምቡላንስ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ሰው ሲቆጠር ነው። ፈረንጅ ብቻ ቆጥረን «ቱሪዝም የለም» የምንል ሰዎች ግሸንን አናውቅም። ስለዚህ ይቆጠሩልን፣ ለእርስዎው ነው።

«አቡነ ዮሴፍ ተራራ በቀን ስንት ሰው ይችላል? ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ።»

ቁጥር የለኝም። ያለው ሰው ካገኘህም ተጠራጠረው። 30 ሰው ጠባብ መንገዱን ይዞ በሰልፍ ቢሄድና 10 ሰው የደጋውን ሣር፣ ጓሳውን፣ እየረገጠ ቢበታተን፣ አሥሩ ይብሳሉ። ከ4,200 ሜትር በላይ ነው የምናወራው፤ ብርድ ነው፣ አፈሩ ስስ ነው፣ የተረገጠ ሣር ቶሎ አያገግምም፣ የሽንት ቤት ጉድጓድም እንደ ቆላው ቶሎ አይበሰብስም። ጥያቄውን ገልብጠው። «ስንት ሰው ይገባል?» ከማለት «ምን ያህል ለውጥ እንታገሣለን?» በል። አንድ የማይነቃነቅ ድንጋይ ምረጥ፣ እዚያ ጋ የመንገዱን ስፋት በክንድ ሳይሆን በሜትር ለካ (የእኔና የአንተ ክንድ ይለያያል)፣ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከዚያው ቦታ ፎቶ አንሳ። «ከሁለት ሜትር ካለፈ መንገዱን ለአንድ ዓመት ዘግተን በሌላው እንዞራለን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከለካን በኋላ እንወስን ያለ ሁሉ ሳይወስን ይቀራል፣ አይቻለሁ።

«ቀይ ቀበሮ እየቀነሰ ነው ይባላል። እኛ ገበሬዎች ምን ልንመዘግብ እንችላለን?»

ብዙ። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ያነሰ አዋቂ ነው፣ ያውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ፤ ጥቂቱ እኛው ጋ ነው፣ አቡነ ዮሴፍና ቦረና ሳይንት። አንዱን መንገድ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በወር አንዴ ሂዱበትና ያያችሁትን ጻፉ። ያላያችሁበትንም ቀን ጻፉ። ከሁሉ በላይ ግን ውሻ ቁጠሩ። አዎ፣ የራሳችሁን ውሻ። ቀበሮውን የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ነው የሚሻገረው። እንግዳ ተከትሎ ጓሳ የሚወጣ ውሻ ስንት ነው፣ ስንቱ ተከትቧል የሚለው አንድ ገጽ ከአሥር ቆንጆ ፎቶ ይበልጣል።

«ሪፖርት ስንጽፍ ጥሩ ጥሩውን ብቻ አስገቡ ይሉናል። መጥፎው ከተጻፈ ስማችን ይጠፋል ብለው ይሰጋሉ።»

ገባኝ። እኔም ድሮ አንድ ቦታ ስሠራ የቆሻሻውን ገጽ አውጣው ተብዬ አውጥቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ግን ሰሜን ተራሮችን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። ስሙ አልጠፋም፤ ይልቅ የጎደለው በዝርዝር ስለተጻፈ ምን እንደሚሠራ ታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። 21 ዓመት ፈጀ፣ ቀላል አልነበረም። በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት የሚሰጠው የለም።

«ለዚህ የሚሆን አፕ አለ?»

ደብተር። ኔትወርክ ሲኖር በቴሌግራም ፎቶ አንስታችሁ ላኩት። አለቀ።

«መቄት የእንግዳ ማረፊያችን ውስጥ አብሳይ ነኝ። ለእንግዳ እንጨት የምንሸከመው፣ ውኃ የምንቀዳው እኛ ሴቶች ነን። ይኼስ ይጻፋል?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው፣ ከሁሉም የሚበልጥብኝ እሱ ነው። መቄት ውስጥ ገበሬው ራሱ እንግዳ ማሳደር ከጀመረ 20 ዓመት አልፎታል፤ ስለ እይታው ብዙ ተወርቷል፣ ስለ ሸክሙ ግን ብዙ አልሰማሁም። ይጻፋል። ለአንድ እንግዳ ሌሊት ስንት ጀሪካን ውኃ፣ ስንት ሸክም እንጨት፣ ምንጩ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሰዓት። ሦስት መስመር ነው። ፈረንጁ ገላዬን በሙቅ ውኃ ልታጠብ ሲል ያ ማለት ስንት ሸክም እንደሆነ ሲታወቅ ዋጋው ላይ ይጨመራል፣ ወይ የፀሐይ ማሞቂያ ይገዛል። መጻፍ ባትችዪ እንኳ በከሰል ግድግዳው ላይ ጭረት አድርጊ፣ ልጅሽ ማታ ይገልብጠው። አብሽሪ። የመጀመሪያውን ወር ላኪልኝና እዚሁ አብረን እንደምረዋለን።