ሶቆጥራ ላይ የነበሩት ፓይለቶች ተረት ናቸው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ከከዚራ ነው። አያቴ አላህ ይርሀማቸውና ጣልያን ከወጣ በኋላ ኤደን ሄደው ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆነው ሰርተዋል። የነዳጅ በርሜል ጀልባ ላይ እንጭን ነበር፣ በርሜሉ ሶቆጥራ ሚባል ደሴት ነው ሚሄደው፣ እዛ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች አሉ ይሉን ነበር። ልጅ እግር ፓይለቶች ኤደን ሻይ ሲጠጡ ያዩዋቸዋል፣ በሳምንቱ ሲጠይቁ ባህር ላይ ቀሩ ይባላል። እስኪሞቱ ድረስ ቤታችን ዱዓ ሲደረግ እነዛን ልጆች ሳያነሱ አያልፉም። ወንድሜ ግን ተረት ነው፣ እዛ ደሴት ላይ ምን አውሮፕላን ማረፊያ ይሰራል ይላል። እውነት ነው ወይ? ስማቸውስ የሆነ ቦታ ተጽፏል? ደሞ እኛ ድሬዎች የፈረንጅ ፓይለት ማስታወሳችን ምን አገባን ያስብላል እንዴ?
የልጅ ልጃቸው

መልስ፦ እህቴ፣ አያትሽ ተረት አላወሩም። ሶቆጥራ ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ባህሩ ገብታ ያለች፣ ዛሬ የየመን የሆነች ደሴት ናት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች እውነትም እዛ ማረፊያ ነበራቸው። ለምን ብትይ ከስዊዝ ቦይ ወጥቶ ወደ ህንድ ሚሄድ መርከብ በኤደን ባህረ ሰላጤ ነው ሚያልፈው፣ የጃፓንና የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ደግሞ ይቺን መንገድ ያውቋታል፣ አድብተው ይጠብቃሉ። ከኤደን ብቻ እየተነሱ ያን ሁሉ ውሃ መቃኘት ስለማይሆን በ1936 ዓ.ም. መግቢያ ሞምባሳ የተቋቋመው የእንግሊዝ አየር ኃይል 621ኛ ስኳድሮን (የአውሮፕላን ክፍል) ወደ ኤደን ከተዛወረ በኋላ የተወሰኑ አውሮፕላኖቹን ሶቆጥራና ሱማሌ ጠረፍ ላይ ያሳድር ነበር።

ሚያበሩት ዌሊንግተን ሚባለውን አውሮፕላን ነው። ሁለት ሞተር አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሰው ይዞ ነው ሚነሳው፣ አካሉ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ ቀላል ብረት ሆኖ ላዩ ጨርቅ ነው፣ አዎ ጨርቅ፣ ቀለም ጠጥቶ የተወጠረ ጨርቅ። ውስጡ አንዱ ልጅ ራዳሩ ላይ አፍጥጦ ለሰዓታት ይቀመጣል፣ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ያለችው ነገር የአሳ አጥማጅ ጀልባ ትሁን ሰርጓጅ ትሁን መለየት አለበት፣ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል፣ ከታች ግን ያው ውሃ ብቻ ነው። መሃል ባህር ላይ አንድ ሞተር ቢያቆም ሚጠጉበት መሬት ያቺው ደሴት ናት። እሷም ብትሆን ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ሚነፍሰው የክረምት ንፋስ ጀልባ አያስጠጋም፣ ስለዚ ነዳጁ ባህሩ ሳይዘጋ በፊት መድረስ አለበት። አያትሽ የጫኑት በርሜል ባይደርስ እነዛ ልጆች አይነሱም ነበር እኮ፣ ስለ አየር ኃይል ሲወራ ፓይለቱ ብቻ ይነሳል እንጂ መካኒኩና በርሜል ተሸካሚው ይረሳል፣ ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል።

ምን ሰሩ ካልሽ አንዱን ልንገርሽ። መጋቢት 1936 ላይ ዩ-852 የሚባል የጀርመን ሰርጓጅ ፔሌውስ የምትባል የግሪክ መርከብ አትላንቲክ ላይ አሰጠመ፣ ከዛም ውሃው ላይ እንጨት ይዘው የተንሳፈፉትን መርከበኞች በመትረየስና በቦምብ ፈጃቸው፣ ሦስት ሰው ብቻ ነው በህይወት የተገኘው። ሰርጓጁ አፍሪካን ዞሮ ወደኛ ባህር መጣ፣ ሚያዝያ 24 ቀን የ621ኛው ዌሊንግተን አገኘውና መታው፣ ሌሎችም ከ8ኛው ስኳድሮን ጋር እየተፈራረቁ ወረዱበት፣ መጥለቅ ሲያቅተው በማግስቱ ሱማሌ ጠረፍ ባንደርበይላ አካባቢ ከመሬት ተላተመ። ሰዎቹ ተያዙ፣ ካፒቴኑና ሁለት መኮንኖቹ ሃምቡርግ ላይ ተፈርዶባቸው ህዳር 1938 በጥይት ተገደሉ። እነዛ ዌሊንግተኖች ባይነሱ ኖሮ ይሄ ፍርድ ላይኖር ይችል ነበር።

ምን አገባን ላልሽው ደግሞ ያገባናል ነው ምልሽ። የድሬ ሰማይ ራሱ ይሄን ጦርነት አይቷል። መጋቢት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. ሃሪኬን የሚባሉ የደቡብ አፍሪካ ተዋጊ አውሮፕላኖች ድሬዳዋ አጠገብ ያለ የጣልያን ማረፊያ ሲመቱ ካፒቴን ጃክ ፍሮስት ተመታና እዛው ጠላት ሜዳ ላይ ለማረፍ ተገደደ። ሌተናንት ቦብ ኬርሾው ከላይ አየው፣ ተኩሱ እየወረደበት አረፈ። ሃሪኬን እኮ ለአንድ ሰው የተሰራች ናት፣ ፍሮስት ኬርሾው ጭን ላይ ተቀመጠ፣ መሪውን አንዱ ሌላውን ነገር አንዱ እየነካ ሁለቱም ወጡ! ከሁለት ሳምንት በኋላ መጋቢት 20 ድሬዳዋ ከጣልያን እጅ ወጣች። ፍሮስት በዓመቱ ሰኔ 1934 ሊቢያ በረሃ ላይ ተመቶ ቀረ፣ ሬሳው አልተገኘም። ለኛ ነፃነት የተደረገ ነገር ነው፣ እዚሁ ደጃችን። የራሳችንም ልጆች አሉ፣ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ከድሬ እየተነሱ በኤፍ-5 ተዋጊ ጄት የተዋጉት፣ እነ ለገሰ ተፈራ፣ ተማርከው ሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት የቆዩት። ቤታችሁ ለሶቆጥራዎቹ ዱዓ ሲደረግ ለነዚህም ቢጨመርላቸው ደስ ይለኛል።

ስማቸው ተጽፏል። በኤደን፣ በሱማሌ፣ በኢትዮጵያና በአካባቢው አገልግለው መቃብራቸው ያልታወቀ የኮመንዌልዝ አየር ኃይል ሰዎች ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን መታሰቢያ ግድግዳ ላይ ነው ያሉት፣ ከ3,000 በላይ ናቸው፣ አያትሽ ያነሷቸው ከነበሩት ልጆች ባህር የቀሩት እዛ ነው ሚፈለጉት። ኤል አላሜይን ድረስ መሄድ አይጠበቅብሽም፣ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ዌብሳይት ላይ ገብተሽ መታሰቢያውን አላሜይን፣ ክፍሉን አየር ኃይል፣ ዓመቱን 1943 እና 1944 ብለሽ ፈልጊ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን እንዳትረሺ። ብዙዎቹ ስም አጠገብ የስኳድሮናቸው ቁጥር አለ፣ 621 ያለበትን ለይተሽ ጻፊ፣ አንዳንዶቹ ላይ እድሜያቸውና የወላጆቻቸው ስምም አለ። ከቤተሰቡ አያትሽ ሲያወሩ የሰማ ትልቅ ሰው ካለም ስልክሽን አውጥተሽ ዛሬውኑ ቅጂው፣ ኤደን የነበሩበትን ወር ካስታወሰልሽ ፍለጋው በጣም ይቀልልሻል።