ሳን ፍራንሲስኮንና ባሕሩን ያለ ጣጣ ለማየት፦ ጥያቄና መልስ

ኦክላንድ ከገባሁ 19 ዓመት ሆነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ታክሲ ስነዳ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰብ ይዛችሁ ወደዚህ ለመምጣት የምታስቡ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ጋሼ፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆቻችን ነን። አራት ቀን አለን። በቪዲዮ የምናየው ሁሉ የመኪና መስታወት ሲሰበር ነው። ብንቀር ይሻላል?

መልስ፦ አትቅሩ፣ ኑ። ግን ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ መኪና ይከራያል፣ ሻንጣውን ይጭናል። ሆቴሉ የሚያስገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ስለሆነ «እስከዚያ ጎልደን ጌት ድልድይን እንይ» ይላል። ሌባ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው፤ ሻንጣ የሞላ የኪራይ መኪና፣ ባለቤቶቹ ደግሞ ፎቶ ላይ። አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያለ መኪና ሁኑ። ባርት የሚባለው ባቡር አየር ማረፊያው ድረስ ይገባል። ሆቴሎች ክፍሉ ባይደርስም ሻንጣ ተቀብለው ያስቀምጡላችኋል። ከተማውን በእግር፣ በባቡርና በጀልባ እዩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኪና ተከራዩና በቀጥታ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ውጡ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። የአክስቴ ልጅ ከሲያትል መጥታ፣ አላሞ ስኩዌር የሚባለው መናፈሻ አጠገብ መኪናዬን አቆምኩ። «አምስት ደቂቃ ነው፣ ቦርሳሽን ተዪው» ያልኳት እኔ ነኝ። ስንመለስ ቦርሳው ከነፓስፖርቱ የለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ ዕቃውን ከኋላ ብንደብቀውስ?

መልስ፦ ቦታው ደርሳችሁ መደበቅ ዋጋ የለውም፤ ሲያስገቡ የሚያይ ዓይን አለ። ደግሞም ትንሿን የኋላ መስታወት ሰብረው፣ ወንበሩን አጥፈው ከኋላ ያለውን ያያሉ። መኪናው ባዶ ይሁን። የስልክ ቻርጀር ገመድም ቢሆን አይታይ። በተለይ ተጠንቀቁ የምለው በአላሞ ስኩዌር፣ በፓላስ ኦቭ ፋይን አርትስ፣ በትዊን ፒክስ፣ በፊሸርማንስ ዋርፍና ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ባሉት መመልከቻዎች ነው። እውነቱን ለመናገር እ.ኤ.አ. በ2024 ስርቆቱ በጣም ቀንሷል። ቀነሰ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ ዩኒየን ስኩዌር አጠገብ ርካሽ ሆቴል አገኘን። እንያዘው?

መልስ፦ አድራሻውን እዩ። መንገዱ ኤዲ፣ ተርክ ወይም ኤሊስ የሚል ከሆነና ከዩኒየን ስኩዌር ወደ ምዕራብ ከገባ፣ ሆቴሉ ቴንደርሎይን በሚባለው፣ መንገድ ላይ የወደቁ ሰዎች በሚበዙበት ሰፈር ውስጥ ነው። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ከልጅ ጋር ማታ በእግር የምትመለሱበት አይደለም። ኖርዝ ቢች ወይም በሎምባርድ መንገድ ላይ ያሉት ይሻላሉ። ከሁሉም በላይ ግን አንዱን ሌሊት ከከተማው ውጭ፣ ፓሲፊካ ወይም ሃፍ ሙን ቤይ እደሩ። የሞገዱን ድምፅ እየሰሙ መተኛት ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መንገድ ላይ ወድቀው የምታዩአቸው ሰዎች ለፎቶ የተቀመጡ አይደሉም። የቤት ኪራይ፣ ሕመምና ፌንታኒል የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ ተባብረው የጣሏቸው የሰው ልጆች ናቸው። ቴንደርሎይን ስደተኛ ቤተሰቦችና ብዙ ሕፃናት የሚኖሩበት ሰፈርም ነው። ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ በእርጋታ አስረዷቸው። ስልካችሁን ግን አታውጡ።

ጥያቄ (ከሳን ሆዜ)፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ባሕር አይታ አታውቅም። የት ልውሰዳት?

መልስ፦ እህቴ፣ የዛሬው ትልቁ ጥያቄ ያንቺ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ መግባትም አያስፈልግሽም። በ92 ቁጥር መንገድ ተራራውን ተሻግረሽ ሃፍ ሙን ቤይ ትወጫለሽ። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ቀስ ብለሽ ንጂ። ከባሕሩ በላይ አስፋልት የሆነ ለጥ ያለ የእግር መንገድ አለ። እናትሽ ጥቂት ተራምደው ቁጭ ይላሉ።

ከዚያ በ1 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ውሰጃቸው። ዴቪልስ ስላይድ የሚባል ገደል አለ። ድሮ መንገዱ በገደሉ አፋፍ ላይ ያልፍ ነበር፤ በየጊዜው እየተናደ ይዘጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ተራራው ውስጥ ዋሻ ተከፈተ፤ በ2014 ደግሞ አሮጌው መንገድ ለእግረኛ ተለቀቀ። ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትንሽ ዳገት ስላለው እናትሽ ሁሉንም መሄድ የለባቸውም። ከመግቢያው ጥቂት መቶ ሜትር ይበቃል። ከእግራቸው ሥር ሰማያዊ ውሃ፣ ወፎች፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ ዕድል ካለ የሚያልፉ ዓሣ ነባሪዎች ይታያሉ።

ጋቢ ያዢላቸው። ቡናውን ቤት አፍልተሽ በፔርሙዝ ያዢ። «የግል ግቢ ውስጥ ገባን እንዴ?» ብለሽም አትሳቀቂ። በካሊፎርኒያ ውሃው የሚያረጥበው አሸዋ የሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግም ሕዝቡ ወደ ባሕሩ መድረሻ እንዳይከለከል ይጠብቃል። ትልልቅ ቤቶች አጠገብ እንኳ ወደ ባሕር የሚያወርድ የሕዝብ መንገድ ታገኛለሽ።

የእኔ እናት መጀመሪያ ያየች ቀን ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ወዲያ ማዶ ማን አለ?» አለችኝ። ጃፓን አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጃፓን አቅጣጫ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ልጆቹ የዋና ልብስ ገዝተዋል። የትኛው ዳርቻ ይሻላል?

መልስ፦ ከሌባው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ይህ ውቅያኖስ እንደ ፍሎሪዳ አይደለም። ውሃው በበጋም በክረምትም ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ነው። ሞገዱ ለረጅም ጊዜ ትንሽ ሆኖ ይቆይና ድንገት አንድ ትልቅ መጥቶ ሰው ይወስዳል። ለባሕሩ ጀርባ አትስጡ። ድንጋዩ እርጥብ ከሆነ ሞገዱ እዚያ ይደርሳል ማለት ነው፤ አትውጡበት። ሰው ከተወሰደ ተከትላችሁ አትዝለሉ፣ 911 ደውሉ። ሊያድን የገባው ራሱ የሚሞትበት ጊዜ አለ።

የሳን ፍራንሲስኮው ዳርቻ ኦሽን ቢች ላይ እግር ማስነከር እንኳ በጥንቃቄ ነው። ለዋና በበጋ ጠባቂ ያለበትን የሳንታ ክሩዝ ዳርቻ ምረጡ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ መቼ ብንመጣ ይሻላል?

መልስ፦ ከቻላችሁ በመስከረምና በጥቅምት፣ የእኛ አዲስ ዓመትና የመስቀል ሰሞን። በሐምሌ ዳርቻው በጉም ይሸፈናል። የመሀል አገሩ ሸለቆ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ በምትኩ ከባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ከነጉሙ በጎልደን ጌት በኩል ይገባል። በቁምጣ መጥተው ሹራብ የሚገዙት ብዙ ናቸው። ኮረብታው እንደ አገራችን በነሐሴ አይለመልምም፤ እዚህ አረንጓዴው በጥርና በየካቲት ነው።

ጥያቄ (ከሂዩስተን)፦ ሙር ዉድስ የሚባለው ጫካ ዛፎቹን ለማየት ዝም ብሎ መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። የመኪና ማቆሚያ ወይም የአውቶቡስ ቦታ ቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ግዴታ ነው። እዚያ ስልክ ስለማይሠራ ማረጋገጫውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ስትመለሱ ጎልደን ጌት ድልድይ ላይ ክፍያ አለ፤ ገንዘብ ተቀባይ የለም፣ ታርጋችሁን ካሜራ ያነሳዋል። ቶሎ በኢንተርኔት ካልከፈላችሁ አከራዩ የራሱን ጨምሮ ይልክላችኋል።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ኦክላንድን ሁሉም ይፈሩታል። አንተስ?

መልስ፦ ልጆቼን ያሳደግኩበት ከተማ ስለሆነ ሲባል ያመኛል። ችግሩን ግን አልደብቅም። አየር ማረፊያው አጠገብ ሄገንበርገር መንገድ ላይ ሻንጣ እንደጫናችሁ ለምሳ አትቁሙ። እዚያ የነበረ ታዋቂ በርገር ቤት የደንበኞቹ መኪና እየተሰበረ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል። ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ግን አያምልጧችሁ። ቀን ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ ዙሪያ ተራመዱ። ከዚያ ከጃክ ለንደን ስኩዌር በጀልባ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገሩ። ሁለቱን ከተሞች ከውሃው ላይ እንደማየት ያለ ነገር የለም፤ መኪና ማቆሚያም አትፈልጉም።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ ጾመኛ ነኝ፣ የአሳማ ሥጋም አልበላም። ዳቦ ውስጥ የሚሰጡትን ሾርባ መቅመስ ይቻላል?

መልስ፦ ክላም ቻውደር የሚባለው ይህ ሾርባ ወተት አለበት፣ ብዙ ጊዜም የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። ስለዚህ ለጾም አይሆንም፤ ከጾም ውጭም ጠይቃችሁ ብቻ። ዳቦው ራሱ ግን እንደ እንጀራ እርሾ ኮምጠጥ ያለ ነው፣ ለብቻው ግዙት።

ጥያቄ (ከሳክራሜንቶ)፦ ቢግ ሰር የሚባለው የባሕር ዳርቻ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ቀኑ ሙሉ መኪና ውስጥ ያልቃል። ሞንተሬ አንድ ሌሊት እደሩ። ጠዋት ፖይንት ሎቦስን እዩና ቢክስቢ ድልድይ ድረስ ውረዱ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በመሬት መንሸራተት ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ካልትራንስ የሚባለውን የካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት መረጃ እዩ። ቤንዚን ሞንተሬ ላይ ሙሉት፣ ከዚያ በኋላ ውድ ነው። ጨለማ ሳይመጣ ተመለሱ፤ መንገዱ መብራት የለውም፣ ገደሉም በባሕሩ በኩል ነው።