ደሴ ላይ ልጆችንና ቤተሰብን ውጭ ለማንሳት፦ ከሌንሱ በፊት ወረቀቱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ያገለገለ ካሜራ ገዝተሻል። ደሴ ላይ ልጆችንና ቤተሰብን ከስቱዲዮ ውጭ፣ ሣርና ዛፍ ባለበት ማንሳት ልትጀምሪ ነው። የትኛው ሌንስ ይሻለኛል፣ የት ልውሰዳቸው፣ ፈቃድስ ይጠየቃል ወይ ነው ያልሽው። እስካሁን የመለሱልሽ በሙሉ ሌንስ ላይ ነው የተጨቃጨቁት። የሚያስለቅስሽ ግን ሦስተኛው ነው። ቢሆንም በቅደም ተከተል ልሂድልሽ።

1. ሌንስ። 50 ሚሊ ሜትር፣ ያንን 1.8 የሚባለውን (ቁጥሩ የሌንሱ ቀዳዳ የሚከፈትበት ልክ ነው) ርካሹን ግዢና ክርክሩን ተዪው። ለአንድ ልጅ ፊት በዚያ ዋጋ የሚስተካከለው የለም። ቤተሰብ ስታነሺ ግን 1.8 ላይ እንዳትተዪው። ልጆቹ ከፊት ተቀምጠው አባትና እናት ከኋላ ሲቆሙ፣ የፊቶቹ ጥርት ይሉና የኋላዎቹ ይደበዝዛሉ። አባትየው ደግሞ ከፋዩ ነው። 5.6 ላይ አድርጊው። ልጅ እየሮጠ ከሆነ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ በታች አይውረድ። ካሜራሽ ብርሃን የምትቀበልበት ሴንሰሯ ትንሽ ከሆነ 50ው እይታውን ያጠብብሻል። ሁሉንም ለማስገባት ወደ ኋላ ስትሄጂ እግርሽን እያየሽ። ደሴ ነው ያለሽው፣ ከኋላሽ ገደል አይጠፋም።

2. ሰዓት። ስልክሽ የሚነግርሽን የፀሐይ መግቢያ ደሴ ላይ አትመኚው። ስልኩ መሬቱ ሁሉ ሜዳ ይመስለዋል። ከተማው ያለው ጦሳና አዝዋ በሚባሉት ከፍታዎች መሃል ነው። ጠዋት ፀሐይዋ አዝዋን እስክትወጣ ታስጠብቅሻለች። ከሰዓት ደግሞ ገና ጊዜ አለኝ ብለሽ ልጆቹን ስታሰልፊ ጦሳ ይሸፍናታል። ስልኩ 12 ሰዓት ከ20 ትገባለች ካለሽ አንቺ 10 ሰዓት ላይ ጀምሪ።

ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ግን ሜዳ ላይ ሰው አታቁሚ። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነን። ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ነው የምትቆመው። የሁሉም ሰው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የነሐሴው በደመና ያልፋል፣ የሚያዝያው ግን ምሕረት የለውም። ፋሲካ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚውለው ሚያዝያ ላይ ነው። ሰው ነጭ ለብሶ፣ ምሳ በልቶ፣ ልክ በዚያ ሰዓት "በል አንሳን" ይላል።

ነጭ ካልኩ አይቀር። የሐበሻ ቀሚስና የልጅ ፊት አንድ ላይ ሲሆኑ ካሜራው ይወዛገባል። ነጩን አይቶ ሲያጨልመው ፊቱ ይጠቁራል። ለፊቱ ብሎ ሲያበራው ደግሞ ቀሚሱ ወረቀት ይመስላል፣ ጥለቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ጥላ ውስጥ አስገቢያቸው፣ ፊታቸውን ወደ ክፍት ሰማይ አዙሪ፣ የካሜራሽን ብርሃን መለኪያ ፊት ላይ አድርጊ። ብርሃን ወደ ፊት የሚመልስ ሪፍሌክተር መግዛት አያስፈልግሽም። ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ ፎም ይበቃል። የሚይዝልሽ ሰው አታጪም። ካሜራ ባወጣሽበት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል። አትቆጪያቸው። አስቀድመሽ አንድ አንድ አንሺያቸውና አሳዪያቸው፣ ከዚያ ፎሙን የሚይዘው ማን እንደሆነ እነሱው ይጣሉበት።

ጥላ ስልሽ ግን የባህር ዛፍ ጥላ አላልኩም። በቀጭኑ ቅጠል መሃል ብርሃን እየሾለከ ፊት ላይ ነጠብጣብ ይጥላል፣ ኤዲት ስታደርጊው ታለቅሻለሽ። ከጫካው ውስጥ ሳይሆን ከጫካው ዳር ቁሙ። ጉም ሲሆን ደግሞ ደንበኛ ደውሎ "ዛሬ ይቅር" ይላል። እሺ አትበይ። እኔ የደሴን ጉም ከየትኛውም ፀሐይ አስበልጠዋለሁ። ብርሃኑን ትንሽ ጨምሪ እንጂ ፊት እንደዚያ ቀን አምሮ አይወጣም።

3. ቦታና ፈቃድ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

አጥርና ለምለም ሣር ያለው ቦታ ሁሉ ባለቤት አለው። ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ብዙ ነው። እኔን ያጉላላኝ የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም፣ ነገም እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው።

ከኮምቦልቻ አንድ ቤተሰብ ደወሉልኝ። ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸውና አያትየዋ፤ እማማ እያልኩ ነው የምጠራቸው። የእማማ ትንሿ ልጅ ዓረብ አገር ናት። ለእሷ የሚላክ የቤተሰብ ፎቶ ነው የፈለጉት። እንዲህ ያለ ሥራ እንዲሁ አይሠራም ብዬ ጥድና ሣር ያለበት አንድ ግቢ መረጥኩ።

ቢሮው ሄድኩ። ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና ሳትል "ማመልከቻ" አለችኝ። ጻፍኩ። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።" ሌላ ቀን ተመለስኩ። "መዝገብ ቤት አስገባው።" አስገባሁ። "የንግድ ፈቃድህ ኮፒ የታለ?" ኮፒ ላደርግ ስወጣ መብራት ጠፋ። በመጨረሻ ኃላፊውን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። ቆመው ሰሙኝና "ለልጆች ፎቶ ነው እንዴ ይህ ሁሉ? ሂድ አንሳ፣ ችግር የለውም" አሉኝ። "እንግዲያው በወረቀት ይጻፍልኝ" ስል ሳቁብኝ። "እኔ ፈቀድኩልህ አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋለህ?" ብለው ገቡ።

ቅዳሜ ደረሰ። ቤተሰቡ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው የሐረጎን ዳገት ወጥተው መጡ። ልጆቹ ተጣጥበው፣ ፀጉራቸው ተሠርቶ፣ አዲስ ጫማ። በሩ ላይ ጥበቃው "ወረቀት" አለ። ኃላፊው ፈቅደዋል አልኩት። "እኔ የማውቀው ማህተም ነው።" በእሱ አልፈርድም፣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ኃላፊው ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል።

ከውስጥ ሌላ ሰውዬ ወጣ። ቦርጩን አስቀድሞ። "ማን ነው የላከህ? ለምንድን ነው የምታነሳው? ያነሳኸውን አሳየኝ!" ምኑን ላሳየው? ገና ሽፋኑን ከሌንሱ ላይ አላነሳሁም። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ካሜራ የያዘ ሰው ሲጠረጠር አይገርመኝም። ግን ከፊቱ የቆሙት አንዲት አሮጊትና ሪባን ያሰረች ሕፃን ናቸው። እኔ ስለማመጥ ብርሃኑ ይሄዳል። ትንሹ ልጅ አንድ ጫማውን አውልቆ ጭቃው ላይ መኪና አድርጎ መንዳት ጀምሯል። እናትየው ፊቷ ጠቁሯል። እማማ ብቻ ናቸው የተናገሩት፦ "ኧረ ልጄ፣ ሣር ላይ ለመቀመጥም ማህተም ያስፈልጋል እንዴ?" ጥበቃው ሳቁ አመለጠው። በሩን ግን አልከፈተም።

ገራዶ በኩል የማውቃቸው አንድ ገበሬ አሉ። ደወልኩላቸው። "ይህም ይጠየቃል? ይምጡ እንጂ!" አሉ። ሚኒባሱ ለተጨማሪው ሰዓት ሲጠይቅ ከቀብዱ ላይ እኔ ከፈልኩ። ደንበኛ በእኔ ቀጠሮ መጥቶ ለሰው ቢሮ ጥጋብ አይከፍልም።

ስንደርስ ልጆቹ አኩርፈዋል። ያኮረፈን ልጅ "ሳቅ በል" ብትይው ጥርሱን ያሳይሻል እንጂ አይስቅልሽም። ካሜራውን አንገቴ ላይ ትቼ ከትልቋ ጋር አኩኩሉ ጀመርኩ። "አኩኩሉ!" "አልነጋም!" ከጭድ ክምሩ ጀርባ። ትንሹም ጫማውን ረስቶ ተከተለ። "ነጋ!" ሲባል ሲወጡ እኔ ተንበርክኬ እጠብቃለሁ። ልጅ በልጅ ቁመት ነው የሚነሳው፤ ሱሪሽ ካልቆሸሸ አልሠራሽም ማለት ነው።

ከሁሉ የበለጠችው ግን ያላሰብኳት ናት። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ በምራቃቸው ነካ አድርገው የትንሹን ጉንጭ ሲጠርጉ፣ እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ሲያጨማድድ። ዓረብ አገር የተላከችው ፎቶ እሷ ናት። ልጅቷ በድምፅ መልእክት እያለቀሰች አመሰገነችኝ። ኮምቦልቻ ሳሎናቸው ውስጥም በትልቁ ታጥባ ተሰቅላለች። በዚያች ፎቶ ስንት ደንበኛ እንደመጣልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በዚያ ግቢ ጥድ ስር ብንቀመጥ አትገኝም ነበር፤ ይህ ማለት ግን ቢሮውን አመሰግናለሁ ማለት አይደለም።

ስለዚህ የገበሬ ማሳ፣ የዘመድ ጓሮ፣ የምታውቂው ሰው ግቢ ይሻልሻል። ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ቤተሰባቸውን አንስተሽ ፎቶውን አሳጥበሽ ውሰጂላቸው፣ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የግድ የመሥሪያ ቤት ቦታ ከሆነ፣ ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት እጅሽ ሳይገባ ለደንበኛ ቀን አትቁረጪ። አንዱን ኮፒ ቀደም ብለሽ ለጥበቃው ስጪ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ኤርፖርቱና ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ካሜራ አታውጪ፣ ሣሩ ቢያምርሽም እለፊው።

4 ልል ነበር፣ ግን የቀረውን በየመሃሉ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽን ልጨምር።

ከደሴ ብርድ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስትወርጂ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ይቆይ፣ እስኪለምድ ሻይ ጠጪ። በጨርቅ አትፈትጊው።

ሐይቅ የሚባለው ከተማ ጥሩ ነው፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ለቤተሰብ "እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ አነሳችኋለሁ" ብለሽ ቃል እንዳትገቢ። የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባም፣ አንቺም ጭምር። ሐይቁ ዳር አንሺ፣ አንድ አዋቂ ደግሞ ሥራው ልጆቹን ከውሃው መጠበቅ ብቻ ይሁን።

መስከረም ላይ ሁሉም አደይ አበባ ውስጥ ልጁን ማስቀመጥ ይፈልጋል። አስቀምጪ። ከማስቀመጥሽ በፊት ግን ሣሩን በእጅሽ ሳይሆን በዱላ ግለጪው። ሳማ የነካው ልጅ ለዚያ ቀን አበቃለት።

ሕፃን ስታነሺ "ማሻአላህ" ማለት ልመጂ። ክርስቲያን ቤትም ብትሆኚ ወሎ ነው፣ ማንም አይገርመውም። "ሲያምር!" ብለሽ ብቻ ዝም ካልሽ ልጁን ከፊትሽ የሚያነሱ አያቶች አሉ። ፎቶውን ገጽሽ ላይ ከመለጠፍሽ በፊትም እናትየዋን ጠይቂ፣ መልሷን በጽሑፍ ያዢ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ግማሹን በቀብድ ተቀበይ። ስንት ፎቶ እንደምትሰጪ ቀድመሽ ተናገሪ። አንሺ ካሉሽ በኋላ "ያነሳሽውን በሙሉ በፍላሽ ስጭን" የሚል አይጠፋም። ዓይኑን የጨፈነበትን ፎቶ አባትየው ራሱ ነገ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈውና "እሷ ናት ያነሳችኝ" ይላል። አትስጪ። ሌላ የጎደለ ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አብሽሪ።